በራሱ ጠፍቶ በራሱ ስለሚበራ የመኪና መብራት
(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የሰው ሕይወት የሚጠፋበት ወይም የሚተርፍበት ነገር ነው። ይኸውም አንድ ጊዜ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይጠግነው ተመልሶ ስለሚበራ የመኪና የፊት መብራት ነው። ፈጽሞ የጠፋ መብራት ባለቤቱን አያታልለውም፤ መኪናውን አቁሞ እንዲያስጠግን ያስገድደዋል። እየጠፋ የሚመለሰው ግን በበራ ቁጥር «ድኛለሁ» የሚል ይመስላል። ባለቤቱም ደስ ብሎት መንገዱን ይቀጥላል። አደጋው የሚመጣው ከዚህ ደስታ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሌላ ሰው ታሪክ ከምጀምር ይልቅ በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። በአንድ እሑድ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በአንዲት አሮጌ መኪና ስመለስ ሸኖን ካለፍሁ በኋላ መሸብኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድሁ ሳለ መኪናዪቱ በአንድ ጉድጓድ ላይ ስትነጥር ሁለቱም የፊት መብራቶች ባንድነት ድርግም አሉ። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና በየሰኮንዱ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። እኔ መሪውን አጥብቄ ይዤ፣ ፍሬኑን ረግጬ፣ በድንጋጤ የመብራት መለወጫውን እስክነካ ድረስ ሦስት ሰኮንድ ያህል ሳይፈጅብኝ አልቀረም። መለወጫውን ስነካው መብራቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ከፊቴ ጥቂት እርምጃ ያህል ርቃ፣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ሁለት የተጫኑ አህዮች እየነዳች በመንገዱ ዳር ስትሄድ አየኋት። እርስዋ ዘወር ብላ አየችኝና፣ የሆነውን ሳታውቅ፣ መንገድዋን ቀጠለች። እኔ ግን መኪናዪቱን ከመንገዱ አውጥቼ እስኪነጋ ድረስ እዚያው አደርሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ መብራቱ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በከተማ ውስጥ ይኸው መብራት ጠፍቶብኝ፣ ከመሪው በታች ያለውን ሰሌዳ በመዳፌ መታ ባደርገው ተመልሶ በርቶ ነበር። እኔም በብልሃቴ ተደስቼ ነገሩን ረሳሁት። እንግዲህ መብራቱ አስቀድሞ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ አልሰማሁትም እንጂ።

በማግሥቱ መኪናዪቱን ለመካኒክ አሳየሁ። መካኒኩም ምንም ሳይጠይቀኝ ሁለቱን አምፖሎች ለወጠ። በሳምንቱ መብራቱ ዳግመኛ ጠፋ። ቀጥሎም ማብሪያና ማጥፊያው ተለወጠ፤ አሁንም ጠፋ። በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄድሁ። እርሳቸውም መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። የዛሬው ንግግሬ የተመሠረተው በእነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመሄዳችን በፊት ግን መብራቱ ለምን እየጠፋ እንደሚመለስ ማስተዋል ያስፈልጋል። ኮረንቲ ከባትሪው ወጥቶ በሽቦ፣ በማብሪያው፣ ረጅሙንና አጭሩን መብራት በሚለውጠው መሣሪያና በፊውዝ በኩል አልፎ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል። ከአምፖሉም በመኪናው የብረት አካል በኩል፣ መካኒኮቻችን «ማሳ» በሚሉት መንገድ፣ ወደ ባትሪው ይመለሳል። በዚህ ዙሪያ ብረትና ብረት የሚገናኙባቸው ብዙ መጋጠሚያዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ ቢላላ ወይም ቢዝግ ኮረንቲው አንድ ጊዜ ያልፋል፣ አንድ ጊዜ ይቋረጣል። የተቃጠለ የአምፖል ክር እንደ ገና ተቀጥሎ ይበራ ዘንድ እምብዛም አይሆንለትም። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው በመጋጠሚያዎቹ ዘንድ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። በራሱ የተመለሰ መብራትም አልዳነም፤ የላላው ነገር ለጊዜው ተነካክቶ ነው እንጂ።

የሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ልጄ፣ የሚጠፋው አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም?» የሚል ነበር። ይህ አንድ ጥያቄ የፍለጋውን ሥራ በግማሽ ይቀንሰዋል። የሚጠፋው አንዱ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የሚገኘው ለዚያ መብራት ብቻ በተለየው መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም በአምፖሉ፣ በአምፖሉ መያዣ፣ ለብቻው ፊውዝ ካለው በፊውዙ፣ ወይም በማሳው ሽቦ ላይ ይሆናል። ሁለቱም ባንድነት ከጠፉ ግን ሁለት አምፖሎች በአንዲት ቅጽበት ታመው በአንዲት ቅጽበት ይድናሉ ብሎ ማመን ያስቸግራል። ስለዚህ ሁለቱ በጋራ የሚጠቀሙበትን መንገድ፣ ማለትም ማብሪያውን፣ መለወጫውን፣ ሪሌ ካለም ሪሌውን፣ ወደ እነርሱም የሚያመጣውን ሽቦ መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ድረስ የምናያትን አሮጌዋን ቮልስዋገን እንውሰድ። የዚህች መኪና ሥራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር አብቅቷል፤ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መሥመርዋ ቀላልና ግልጽ ስለ ሆነ ለመማሪያ እጅግ ትመቻለች። በጀርመኖች ሥርዓት በመሣሪያዎቹ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ 30 ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ 56 ከማብሪያው ወደ ፊት መብራቱ መለወጫ የሚሄድ፣ 56ሀ ብለን የምንጠራው የረጅሙ መብራት፣ 56ለ የአጭሩ፣ 31 ደግሞ የማሳው ነው። ነጭ ሽቦ ለረጅሙ፣ ቢጫ ሽቦ ለአጭሩ፣ ቡናማ ሽቦ ለማሳው ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ለግራውና ለቀኙ፣ ለረጅሙና ለአጭሩ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ፊውዝ አለው። ስለዚህ በእንዲህ ያለች መኪና ሁለቱም መብራቶች ባንድ ጊዜ ከጠፉ ጥፋቱ በአንድ ፊውዝ ላይ ሊሆን አይችልም። በሌሎች መኪናዎች ግን አንድ ፊውዝ ሁለቱን መብራቶች የሚያገለግልበት አሠራር ስላለ አስቀድሞ የመኪናውን መጽሐፍ ማየት ያሻል።

የእነዚህ የቮልስዋገን ፊውዞች አሠራር ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ሁለት ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ በሁለት የብረት ምላሶች መካከል ተጣብቀው የሚቀመጡ ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ይሸከማል። ዘመን ሲቆይ ጫፎቹ ይዝጋሉ፤ ምላሶቹም ይላላሉ። ፊውዙን በጣት ትንሽ ብናሽከረክረው መብራቱ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ «ፊውዙ ደኅና ነው» ብሎ ክዳኑን መግጠም ስሕተት ነው። ማሽከርከራችን የበሽታውን ቦታ አሳየን እንጂ አላዳነውም። ፊውዙን አውጥቶ ምላሶቹን ማጽዳት፣ ጠበቅ ማድረግ፣ አዲስ ፊውዝ ማስገባት ይገባል።

የሽማግሌው ሁለተኛ ጥያቄ፣ «መብራቱ ሲጠፋ ሌላው ነገር ምን ሆነ? ክላክሱስ ይጮኽ ነበር? ትንንሾቹ መብራቶችስ?» የሚል ነበር። ክላክሱም፣ ትንንሾቹ መብራቶችም፣ የሰሌዳውም መብራት አብረው ከጠፉ ጥፋቱ ከምንጩ፣ ማለትም በባትሪው ራሶችና ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ዘንድ ሊሆን ይችላል። እነርሱ ደኅና ሆነው የፊት መብራቱ ብቻ ከጠፋ ግን ባትሪውን መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። ትንንሾቹ መብራቶች ከበሩ ኮረንቲው ማብሪያው ዘንድ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረው ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ ነው። እንዲህ እያሉ ደኅና የሆነውን ሁሉ ከጥርጣሬ እያወጡ መሄድ፣ የታመመውን ክፍል ያለ ብዙ ድካም ያስገኛል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ «የሚጠፋው በምን ጊዜ ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ባለመኪናው በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ መብራቱ የጠፋበትን ሁኔታ ቢጽፍ ከብዙ ልፋት ይድናል። በጉድጓድ ላይ ሲነጥር የሚጠፋ ከሆነ የላላ መጋጠሚያ ወይም በሽፋኑ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ይጠረጠራል። ከዝናብ ወይም ከመኪና እጥበት በኋላ ከሆነ ውሃ የገባበት የአምፖል መያዣ ወይም የዛገ ማሳ ነው። ከበራ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝም የሚመለስ ከሆነ በሙቀት የሚሰፋ መጋጠሚያ፣ ማብሪያ ወይም ሪሌ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች፣ በተለይም በብዙዎቹ አሮጌ የአሜሪካ መኪናዎች፣ ኮረንቲው ሲበዛ ግሎ የሚከፈት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚዘጋ መከላከያ በማብሪያው ውስጥ አለ። በነዚህ ላይ መብራቱ በተመጣጠነ ጊዜ እየጠፋ ከበራ አንድ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር መነካካቱን ወይም ከልክ በላይ ኃይል የሚወስድ አምፖል መግባቱን ያመለክታል። መብራቱ ፈጽሞ ሳይጠፋ ሞተሩ ሲፈጥን የሚደምቅ፣ ሲዘገይም የሚደበዝዝ ከሆነ ደግሞ ዲናሞውንና ኃይል መቆጣጠሪያውን መመርመር ነው። በ12 ቮልት መኪና ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያህል መገኘት አለበት። ከ15 ቮልት በላይ ከሆነ አምፖሎቹ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ዘበኛ ሲመጣ እንደሚሸሸግ ሌባ ነው። መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ምንም የለበትም። ስለዚህ በሥራው ላይ ሳለ መያዝ ያስፈልጋል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መብራቱ በርቶ ሳለ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ መብራቱን ይመልከት፤ ሌላው ሽቦውን ከአምፖሉ ጀምሮ በየአንድ ስንዝሩ ቀስ እያለ ያወዛውዝ። መብራቱ በተንቀጠቀጠበት ቦታ ላይ ይቁም። ሁሉን ባንድነት መነቅነቅ ግን አይገባም፤ መብራቱ ቢመለስ እንኳ የትኛው እንደ መለሰው ሳይታወቅ ይቀራልና።

ይህ ያልገለጠውን ቮልት መለኪያ ይገልጠዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሽቦውን ነቅሎ «ኮረንቲ ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም?» ብሎ መለካት አይበቃም። ከሃያ ቀጫጭን ክሮች አሥራ ዘጠኙ ተበጥሰው አንዲት ብትቀር መለኪያው የሚልከው ጥቂት ኮረንቲ በእርስዋ ላይ ያልፋል፤ መለኪያውም «ደኅና ነው» ይላል። የመብራቱ ኮረንቲ ሲመጣ ግን ያቺ አንዲት ክር አትችለውም። ስለዚህ መለካት የሚገባው መብራቱ በርቶ ሳለ ነው። የመለኪያውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ሁለተኛውን ኮረንቲው ወደ አምፖሉ በሚገባበት ብረት ላይ ማሳረፍ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር በመንገድ የጠፋው ኃይል ነው። በ12 ቮልት መኪና ይህ ከግማሽ ቮልት ካለፈ በመካከል የታመመ መጋጠሚያ አለ። ቀጥሎም በአምፖሉ ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ መካከል መለካት ነው፤ በዚህ በኩል ከ0.2 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም።

ይህ ትንሽ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጎዳ በሒሳብ እንመልከተው። ቮልስዋገን በመጀመሪያ በ6 ቮልት የምትሠራ ነበረች፤ ወደ 12 ቮልት የተለወጠችው በ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። በ6 ቮልት የሚሠራ ባለ 45 ዋት አምፖል 7.5 አምፔር ይወስዳል። አንድ የዛገ መጋጠሚያ ለኮረንቲው መተላለፍ 0.1 ኦም እክል ቢፈጥር 0.75 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ይህም ከስምንት እጅ አንዱ ነው። የብርሃኑ መቀነስ ግን ከቮልቱ መቀነስ እጅግ ስለሚበልጥ ከብርሃኑ ሲሦው ያህል ይጠፋል። በ12 ቮልት መኪና ግን ይኸው እክል የሚያስቀረው 0.4 ቮልት እንኳ አይሞላም። አሮጌዎቹ ባለ 6 ቮልት መኪናዎች መብራታቸው የሚደክመው አምፖላቸው ስላነሰ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያዎቻቸው ስለ ዛጉ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ ማሳው ደግሞ ጥቂት ልጨምር፤ ሰው ሁሉ ወደ አምፖሉ የሚመጣውን ሽቦ ሲመረምር ከአምፖሉ የሚመለሰውን ይረሳዋልና። ማሳው የታመመ እንደ ሆነ አንደኛው መብራት ቢጫ ሆኖ ይደክማል፤ ወይም ፍሬቻ ሲበራ የፊት መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኮረንቲው በራሱ መንገድ መመለስ ስላልቻለ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋልና። ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ደኅና ሽቦ ወስዶ የአምፖሉን ማሳ ከንጹሕ የመኪናው ብረት ጋር ማገናኘት ነው፤ መብራቱ ወዲያውኑ ከደመቀ በሽታው ታወቀ። ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አጥብቆ ማሰር፣ ውሃ እንዳይገባም ቫዝሊን መቀባት ይበቃል።

አሁን ደግሞ ማድረግ የማይገባውን ልናገር። የተቃጠለ ፊውዝን በሲጋራ ወረቀት ብር ወይም በሽቦ መጠቅለል የቤትን በር ለሌባ እንደ መክፈት ነው፤ ፊውዙ ያልተቃጠለበት ሽቦ ራሱ ይቃጠላልና። መብራት ይድመቅ ብሎ በ55 ዋት አምፖል ፈንታ ባለ 100 ዋት ማስገባትም እንዲሁ ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች ከ9 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ሲወስዱ፣ ሁለቱ ባለ 100 ዋት ወደ 17 አምፔር ይወስዳሉ። ለዚያ ያልተሠራው ማብሪያ ይግልና ይቀልጣል። ብርሃን የሚፈልግ ሰው መጋጠሚያዎቹን ያጽዳ፤ አሮጌ መኪና ከሆነም ኮረንቲው በማብሪያው ሳይሆን በሪሌና በፊውዝ በኩል ከባትሪው በቀጥታ እንዲመጣ ያስደርግ። በማብሪያው ጀርባ ከመሥራት በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ራስ መፍታት አይዘንጋ። የሃሎጅን አምፖልንም መስተዋት በጣት አለመንካት ነው፤ የእጅ ወዝ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

አዳዲስ መኪናዎች ያላችሁ አድማጮች ደግሞ ይህን አስተውሉ። በእነርሱ መብራቱን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ነው። ለተራ አምፖል በተሠራ መያዣ ውስጥ ባለ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሲገባ ሽቦው ምንም ሳይሆን መብራቱ ሊርገበገብ ይችላል። የዜኖን መብራት ደግሞ ሲነሣ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚፈጥር ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሊነካው አይገባም። ዳሩ ግን ሦስቱ ጥያቄዎች ለእነዚህም መኪናዎች ያገለግላሉ።

ከሁሉ በላይ፣ መብራት በመንገድ ላይ ቢጠፋ ፍሬኑን በድንገት አጥብቆ አለመርገጥ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የነዳጁን መርገጫ መልቀቅ ያስፈልጋል። መለወጫውን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ መመለስ፣ የሁለቱን ጎን ፍሬቻ ባንድነት ማብራት፣ ቀስ ብሎም ከመንገዱ መውጣት ነው። መብራቱ ቢመለስም እንኳ «እስከ ቤቴ ያደርሰኛል» ብሎ ጉዞ መቀጠል አይገባም። በአገራችን መንገድ ላይ በጨለማ የሚሄደው ባለ መኪና ብቻ አይደለም፤ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬ፣ ከብቱን የሚነዳው እረኛ፣ ልጅዋን ያዘለችው እናት ሁሉ ይሄዱበታል። እነርሱ መብራት የላቸውም፤ የእኛ መብራት ለእነርሱም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። ጥያቄያቸውን ከመለስሁ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለቱም ባንድነት ጠፉ አልህ፤ እንግዲህ አምፖሎቹ ንጹሓን ናቸው። ክላክሱና ትንንሾቹ መብራቶች ደኅና ነበሩ አልህ፤ ባትሪውም ንጹሕ ነው። መለወጫውን ስትነካው ተመለሰ አልህ፤ ልጄ፣ እጅህ ያረፈው በቁስሉ ላይ ነው።» ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትተው አሳዩኝ። ወደ መለወጫው የሚገባው ሽቦ ጫፉ ላልቶ፣ ዙሪያው በሙቀት ጠቁሮ ነበር። ጫፉን ቆርጠው አዲስ ጫፍ አደረጉለት፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የጠየቁኝም ዋጋ በከንቱ ከለወጥኋቸው ከሁለቱ አምፖሎች ዋጋ ያነሰ ነበር።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዳኝነት ብቻ አይደለም፤ ለእጅ ሥራም ጭምር ነው። ጠይቆ፣ ለይቶ፣ ለክቶ የሚጠግን ሰው አንድ ጊዜ ይጠግናል፤ ሳይጠይቅ የሚለውጥ ግን ዕቃውን ሁሉ ለውጦ በሽታውን እዚያው ይተወዋል። እኔ መብራቱን በመዳፌ መትቼ በተመለሰልኝ ጊዜ ደስ ባለኝ ፈንታ ሠግቼ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ሴት ከልጅዋ ጋር በዚያ ሌሊት ከፊቴ ባልቆመች ነበር። በመካከላችን እንዲህ ያለ መብራት ይዞ የሚነዳ ሰው ቢኖር፣ ነገ ጧት መኪናውን አቁሞ ሦስቱን ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ።